ለምትወልድ ውሻ የሚደረግ ዝግጅት ከምጡ ሌሊት በፊት ይጀመር

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

በሰሜን ሸዋ ዞን በደብረ ብርሃን ከተማ የምኖር ጡረታ የወጣሁ መምህርና የጋዜጣችሁ የረጅም ጊዜ አንባቢ ነኝ። ስለ ላም አወላለድ፣ ስለ መንዝ በግ አረባብና ስለ ጫጩት አያያዝ ያወጣችኋቸውን ጽሑፎች ቆርጬ አስቀምጣለሁ፤ ጎረቤቶቼም ተውሰው ያነቧቸዋል። በቤት ውስጥ ስለምትወልድ ውሻ ግን እስካሁን ምንም አላነበብሁም። በአካባቢያችን በጉን ከጅብና ከቀበሮ፣ ግቢውንም ከሌባ የሚጠብቀው ውሻ ሆኖ ሳለ፣ “ውሻ ደግሞ አዋላጅ ትፈልጋለች ወይ?” የሚለው አስተሳሰብ ሥር በመስደዱ፣ እኔ በማውቃቸው ግቢዎች ብቻ እንኳ በትንሽ ዝግጅት ሊተርፉ ይችሉ የነበሩ ቡችሎችና እናቶች ሲሞቱ አይቻለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ያንን ዝግጅት እኔ በመከራ ከተማርሁት ሌላው ሰው ሳይቸገር እንዲያውቀው በማሰብ ነው።

ዳማ የምንላት ውሻችን ለመጀመሪያ ጊዜ በኅዳር ወር ስትወልድ እኔም እንደ ሌላው ሰው ነገሩን ለእርሷ ትቼው ነበር። ሆዷ ወርዶ ጡቷ ተወጥሮ እያየሁ የጭድ ቤቱን በር ገርበብ አድርጌ ከመተው በቀር አንዳች ነገር አላሰናዳሁም። እርሷም ሌሊቱን ከጭዱ ጀርባ፣ ከድንጋይ ግድግዳው ሥር ቆፍራ ሰባት ቡችሎች ወለደች። ጠዋት አመዳዩ የግቢውን ሣር ነጭ አድርጎት ነበር። ገብቼ ስፈትሽ ከሆዷ ሥር የተወሸቁት ሦስቱ ሲተነፍሱ፣ ወደ ግድግዳው የተንከባለሉት አራቱ ደርቀው አገኘኋቸው፤ ከአራቱም የአንዱ አፍንጫ በተወለደበት ስስ ሽፋን እንደተጠቀለለ ነበር። ዳማ የሞቱትን አንድ በአንድ በአፏ እያነሳች ወደ ሆዷ ስታስጠጋቸው ቆሜ አየሁ። ያን ጠዋት እስካሁን አልረሳሁትም።

ከዚያ በኋላ አንድ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነገሩን ስጠይቅ የተረዳሁት፣ አዲስ የተወለደ ቡችላ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የራሱን የሰውነት ሙቀት መጠበቅ የማይችል መሆኑን ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የሚተኛበት ስፍራ ከ29 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊሞቅ ይገባዋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍታ በላይ የምትገኝ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ የሚጥልባት ከተማ እንደመሆኗ ይህ ሙቀት በራሱ አይገኝም። የቀዘቀዘ ቡችላ ጡት ለመጥባት ጉልበት ያጣል፤ ቢጠባም ወተቱ አይፈጭለትም። ስለዚህ ቀዝቅዞ የተገኘ ቡችላ አፍ ውስጥ የላም ወተት መጨመር፣ ብዙ ሰው በደግነት የሚያደርገው ቢሆንም፣ ጉዳት ነው። መጀመሪያ በደረት ላይ አስጠግቶ ወይም በሞቀ ጨርቅ ጠቅልሎ ቀስ በቀስ ማሞቅ፣ ከዚያ ወደ እናቱ ጡት ማስጠጋት ይገባል።

አባቶቻችን “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” የሚሉት ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ጭምር ነውና፣ ዳማ በቀጣዩ ዓመት ስታረግዝ ከሁሉ አስቀድሜ ያደረግሁት ቀን መቁጠር ነበር። የውሻ እርግዝና በአማካይ 63 ቀን ሲሆን ከ58 እስከ 68 ባለው ጊዜ ውስጥ መውለድ የተለመደ ነው። የእኛ ወር ከጳጉሜን በቀር ሁልጊዜ 30 ቀን ስለሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ከወንድ ውሻ ጋር ከተገናኘችበት ቀን ሁለት ወር ከሦስት ቀን መቁጠር ነው። ዳማ የተገናኘችው ኅዳር 21፣ የጽዮን ማርያም ዕለት ስለነበር 60ኛው ቀን በአስተርዮ ማርያም፣ 63ኛው ደግሞ ጥር 24 ላይ ዋለ። ይህን በቀን መቁጠሪያው ላይ በእስክሪብቶ ከበብሁት። ቀኑን ያላወቀ ሰው ውሻዋ ብትዘገይም ብትፈጥንም የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው ሐኪምም ሊረዳው ይቸገራል።

የምትወልድበትን ሣጥን ከመውለጃዋ ሁለት ሳምንት በፊት ከአሮጌ ጣውላ ሠራን። ስፋቱ እግሯን ዘርግታ በጎኗ ተኝታ፣ መዞርም እንድትችል፣ ግድግዳው ደግሞ እርሷ ተራምዳ የምትወጣበት፣ ቡችሎቹ ግን የማይወጡበት ቁመት እንዲሆን ተደረገ። በውስጡ ዙሪያውን፣ ከወለሉም ከግድግዳውም አንድ ጭብጥ ያህል ፈቀቅ ብሎ፣ የባሕር ዛፍ ቀጭን አጣና መታንበት። ይህ አጣና እናቲቱ ወደ ግድግዳው ስትደገፍ በመካከል የገባው ቡችላ እንዳይደፈጠጥ ክፍተት ይተውለታል። ሣጥኑን በሁለት እንጨት ከመሬት ከፍ አድርገን፣ ከበር ነፋስ በራቀ፣ የሰው እግር በማይበዛበት ጥግ አስቀመጥነው። ከሥር ጋዜጣ በብዛት አነጠፍን፤ ከላይ ደግሞ እናቴ ከመንዝ ያመጣችውን ያረጀ ባና ቆርጠን፣ የተተረተረ ክር የቡችላ እግር እንዳይጠልፍ ጠርዙን ሰፍተን አለበስነው። ባናው ቢርስም ሙቀት አይለቅምና ለዚህ ሥራ ከእርሱ የተሻለ አላገኘሁም። ዳማን ከዚያች ቀን ጀምሮ እዚያው እያበላን እዚያው እንድትተኛ አስለመድናት። አስቀድማ ያልለመደችው ሣጥን ውስጥ በምጧ ዕለት ግቢ ብትባል አትገባም፤ ተመልሳ ወደ ጭዱ መሄዷ ነው።

ለማሞቂያ የተጠቀምነው ሙቅ ውኃ የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልሎ ከሣጥኑ በአንድ በኩል ብቻ ማስቀመጥን ነው፤ አንዱ ወገን ሲሞቅ ሌላው ለብ ካለ ቡችሎቹ እንደፍላጎታቸው ይንፏቀቃሉ። ውኃው ሲበርድ መለወጥ ያስፈልጋል። የከሰል ማንደጃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማስገባት ግን ለውሻዋም፣ አጠገቧ ለሚያድረው ሰውም መርዝ ነው፤ በየክረምቱ ሰው የሚሞትበት ጢስ ቡችላን አይምርም።

ስለ ምግቧ ጥቂት ልበል። በእርግዝናዋ የመጨረሻ ሦስት ሳምንታት ሆዷ በፅንስ ስለሚጨናነቅ ምግቡን በመጠን ጨምሮ ነገር ግን ከፋፍሎ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ማቅረብ ይሻላል። እኛ የገብስ ገንፎ በአጥንት መረቅ፣ የተቀቀለ እንቁላልና የበሰለ ሥጋ እንሰጣት ነበር። የወጥ ፍርፋሪ የምንሰጥ ሁሉ ልናውቀው የሚገባን ነገር ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ቢበስሉም የውሻን ደም የሚጎዱ መሆናቸውን ነው። የበግ ሳንባና ጉበት ጥሬውን መጣልም ኪስ የሚሠራውን የኮሶ ዓይነት ትል ወደ ውሻዋ፣ ከውሻዋም ወደ ልጆቻችን ያመጣል። የካልሲየም መድኃኒት በእርግዝና ጊዜ “ይጠቅማታል” ብሎ መስጠት ደግሞ ሰውነቷ ከአጥንቷ ካልሲየም የማውጣት ልማዱን ስለሚያሰንፈው በጡት ማጥባት ጊዜ ለከፋ ችግር ይዳርጋታል። ወስፋት ከእናት ወደ ቡችላ ገና በማኅፀን ሳለና በወተትም ስለሚተላለፍ፣ የትል መድኃኒቱን ዓይነትና ጊዜ ከሐኪም ጠይቆ መስጠት ያስፈልጋል።

በሣጥኑ አጠገብ በአንድ ቅርጫት ያዘጋጀናቸው ነገሮች በሙሉ ከቤትና ከመድኃኒት ቤት በቀላሉ የሚገኙ ነበሩ። ተቀቅለው የደረቁ ብዙ የቆዩ ፎጣዎችና የነጠላ ቁራጮች፣ ጓንት፣ በፈላ ውኃ የተነከረ መቀስና ወፍራም የጥጥ ክር፣ አዮዲን፣ ቴርሞሜትር፣ ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን፣ የእጅ ባትሪ፣ እያንዳንዱ ቡችላ የተወለደበትን ሰዓት የምንጽፍበት ደብተር፣ ከዚህም ጋር የሐኪሙና የአንድ ባጃጅ ነጂ ስልክ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ ነበር። ሁሉም ነገር በአንድ ቦታ መሆኑን ባለቤቴ አጥብቃ ስላሳሰበች እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ፤ ለምን እንደሆነ ከዚህ በታች ይታያል።

ቴርሞሜትሩን ሰዎች እንደ ትርፍ ነገር ያዩታል፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ እርሱ ነው። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ ምጥ ሊጀምር ከ12 እስከ 24 ሰዓት ያህል ሲቀረው ከ37.5 በታች ይወርዳል። ከጥር 17 ጀምሮ ጠዋትና ማታ ቫዝሊን የተቀባውን ቴርሞሜትር በፊንጢጣዋ እየለካሁ ጻፍሁ። ስድስት ቀን ሙሉ 38 እና ከዚያ በላይ ሲያሳይ ቆይቶ ጥር 23 ጠዋት 37.1 ሆነ። በዚያው ቀን ምሳዋን አልነካችም፤ ባናውን በጥፍሯ እየቧጨረች፣ እየተንቀጠቀጠችና እያለከለከች ወዲህ ወዲያ ትል ጀመር። ይህ ማኅፀኑ ቀስ በቀስ የሚከፈትበት ጊዜ ስለሆነ ከ6 እስከ 12 ሰዓት፣ በመጀመሪያ ወላድ ላይም ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ሰው ሊያደርግላት የሚገባው ነገር ቢኖር ጸጥታ መስጠት ነው። የሰፈር ልጆችን በትሕትና አሰናበትን፤ መብራቱንም ቀነስን።

ከሌሊቱ 7 ሰዓት አልፎ ማማጥ ጀመረች፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የመጀመሪያው ቡችላ መጣ። ዳማ ሽፋኑን በጥርሷ ቀድዳ፣ እትብቱን በጥሳ፣ እስኪጮኽ ድረስ ላሰችው። እኔ እጄን አላስገባሁም። እናቲቱ ሥራዋን በምትሠራበት ጊዜ ዝም ብሎ ማየት ለሰው ከባድ ቢሆንም ትክክለኛው እርዳታ እርሱ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው በግማሽ በግማሽ ሰዓት ልዩነት ተከተሉ። ከዚያ መብራት ጠፋ። ባለቤቴ ባትሪውን ከቅርጫቱ በዳሰሳ አውጥታ ስታበራ፣ አራተኛው በኋላ እግሩ ቀድሞ እየወጣ ነበር። በእግር መውጣት በሴት ልጅ ወሊድ እንደሚያስፈራው በውሻ አያስፈራም፤ ከቡችሎች ብዙዎቹ እንዲሁ ይወለዳሉ። ሆኖም ዳማ ደክማ ሦስተኛውን እየላሰች ስለነበር ዞር ብላ አላየችውም፤ ቡችላው በሽፋኑ እንደተጠቀለለ፣ በውስጡ የቀረው እንሽርት ውኃ በባትሪው ብርሃን እያብለጨለጨ፣ ሳይንቀሳቀስ ወደቀ።

ሽፋኑን ከአፍንጫው በኩል በጣቴ ቀደድሁት። እንደ እርጥብ ላስቲክ ያሙለጨልጫል እንጂ ጠንካራ አይደለም። አፉንና አፍንጫውን በነጠላ ቁራጭ ጠረግሁ፤ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጌ፣ አንገቱን ደግፌ፣ ጀርባውንና ደረቱን በደረቅ ፎጣ ፈተግሁት። አንዳንዶች ቡችላውን ይዘው ወደ ታች እንደሚወዘውዙት ሰምቻለሁ፤ ይህ የራስ ቅሉን ውስጥ የሚያደማ ስለሆነ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። እትብቱን ከሆዱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ርቄ በክር አሠርሁ፤ ከክሩ ወዲያ ቆርጬ ጫፉን አዮዲን ነከርሁት። ፎጣው ሲርስ ባለቤቴ ሌላ ታቀብለኝ ነበር፤ ሦስተኛው ፎጣ ላይ ስንደርስ ምላሱ ከሰማያዊነት ወደ ሐምራዊ፣ ከዚያም ወደ ሮዝ ሲለወጥ አየን፤ አፉን ከፈተ፤ አንድ ጊዜ ሳብ አደረገና ጮኸ። ዳማ ድምፁን ስትሰማ አንገቷን ዘርግታ ከእጄ ወሰደችው። እስኪነጋ ስድስት ሆኑ፤ ስድስቱም አደጉ።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ቤት ውስጥ ሁሉም ነገር ይቻላል ለማለት አይደለም። ከሁሉ አጥብቄ ማስገንዘብ የምፈልገው፣ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም መሄድ የሚገባበትን ጊዜ ነው። ውሻዋ በኃይል እያማጠች ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ድረስ ቡችላ ካልወጣ፣ ቡችላ እንደቀራት እየታወቀ ከሁለት ሰዓት በላይ ካለፈ፣ የመጀመሪያው ቡችላ ሳይወለድ ጥቁር አረንጓዴ ፈሳሽ ከታየ፣ ሙቀቷ ወርዶ ሙሉ ቀን አልፎ ምጥ ካልጀመረ፣ ወይም ብዙ ደም ከፈሰሳትና ከዛለች፣ ከዚያ ወዲያ ቤት ውስጥ መጠበቅ እናትንም ልጆችንም ማጣት ነው። አረንጓዴው ፈሳሽ እንግዴ ልጁ ከማኅፀን መላቀቁን ስለሚያሳይ፣ ከመጀመሪያው ቡችላ በኋላ ሲመጣ ያለ ነገር ሲሆን ቀድሞ ሲመጣ ግን በውስጥ ያለው ቡችላ አየር እያጣ ነው ማለት ነው።

በዚህ ረገድ አንድ ጎረቤቴ የደረሰበትን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ውሻው አንድ ትልቅ ራስ ያለው ቡችላ በመውጫው ተወትፎባት ስታምጥ አድራ፣ ጠዋት መድኃኒት ከሚሸጥ አንድ ሰው ምጥ የሚያፋፍመውን የኦክሲቶሲን መርፌ ገዝቶ አስወጋት። መርፌው ማኅፀኑን እንዲጨምቅ ያዛል፤ መንገዱ ከተዘጋ ግን የተጨመቀው ማኅፀን የሚሄድበት አጥቶ ይቀደዳል። ውሻዋ ከቀትር በፊት ሞተች። ሰውየው ውሻውን የሚወድ፣ ገንዘቡንም ያልሰሰተ ሰው ነው፤ የጎደለው ይህን የሚነግረው ሰው ብቻ ነበር። ይህ መርፌ ሐኪም በእጁ መርምሮ መንገዱ ክፍት መሆኑን ሳያረጋግጥ ሊሰጥ አይገባም።

ከወለደች በኋላ ያለው ሥራ ቀላል ባይሆንም አጭር ነው። ከእያንዳንዱ ቡችላ በኋላ እንግዴ ልጅ መውጣቱን ቆጥሮ መጻፍ፣ ሁሉም ቡችሎች በመጀመሪያው ቀን እንገር መጥባታቸውን ማረጋገጥ፣ በየቀኑም በተመሳሳይ ሰዓት መመዘን በቂ ነው። ጤነኛ ቡችላ በየቀኑ እየጨመረ በ10 ቀን ገደማ የልደት ክብደቱን እጥፍ ያደርሳል፤ ክብደቱ ባለበት የቆመ ወይም የቀነሰ ቡችላ ገና መልኩ ሳይለወጥ ችግሩን ሚዛኑ ይናገራል። እናቲቱ ከወለደች ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ እግሯ ደርቆ ከተንገዳገደች፣ ከተንቀጠቀጠችና ካለከለከች የደሟ ካልሲየም ወርዷልና ቡችሎቹን ለይቶ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም መውሰድ ነው።

የቡችሎቹን አሳዳጊ ማፈላለግም ከመወለዳቸው በፊት መጀመር ያለበት የዝግጅቱ ክፍል ነው። እኛ ስድስቱንም ስምንት ሳምንት ሲሞላቸው፣ ሦስቱን ለመንዝ በግ አርቢዎች፣ ሦስቱን ለከተማው ጎረቤቶች ስንሰጥ፣ ሦስት ወር ሲሆናቸው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እንዲያስከትቧቸው ቃል አስገብተናል። መንዝ ላይ ይህ ነገር ተጨማሪ ክብደት አለው፤ በመንዝ ጓሳ ጥብቅ ስፍራ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኝና ቁጥሩ እጅግ የተመናመነ አውሬ ሲሆን፣ ከሚያጠፉት ዋና ዋና ነገሮች መካከል ካልተከተቡ ውሾች የሚተላለፉበት የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር የተባለው የውሻ በሽታ ይገኙበታል።

በመጨረሻም በጋዜጣችሁ በኩል ለዞናችን የእንስሳት ጤና አገልግሎት ኃላፊዎች አንድ ጥያቄ ማቅረብ እፈልጋለሁ። ውሻው የሞተችበት ጎረቤቴ እርሷ ስታምጥ ባደረችበት ሌሊት አንድ የእንስሳት ሕክምና መስጫ በር ድረስ ሄዶ ነበር፤ በሩ ተዘግቶ፣ የሚደውልበት ቁጥርም ሳይኖር ተመልሷል። ሐኪሞቹ ጥቂት መሆናቸውንና ላሙም በጉም እንደሚጠብቃቸው አውቃለሁ። ቢሆንም በየጣቢያው በር ላይ በሌሊት የሚደወልበት አንድ የስልክ ቁጥር በትልቁ ተጽፎ ቢለጠፍ፣ ተረኛው ሐኪም መምጣት ባይችል እንኳ “አምጧት” ወይም “መርፌውን አትስጧት” ብሎ በስልክ ሊናገር ይችላል። እናንተም ስለ ውሻ የቀዶ ሕክምና ወሊድና እንድትወልድ ለማትፈለግ ውሻ ስለሚደረግ ማምከን አንድ ባለሙያ እንዲጽፍልን ብታደርጉ፣ ያንን ጽሑፍ እንደ ቀድሞዎቹ ቆርጬ ለጎረቤቶቼ አውሳለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣሁ መምህር
ከደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ